ጠበቃ ለጭልፊት

ሌባ የሰረቀው ሰው ፖሊስ ይጠራል፤ ጭልፊት የነጠቀው ሰው እናቱን ይጠራል። «እናቴ!» ብሎ እጁን ሲያይ ጣቶቹ አሉ፣ ጎድኑ የለም። ቀጥሎ እርግማን ይወርዳል። እርግማኑ ግን ባለቤቱ ጋ አይደርስም፤ ባለቤቱ የመብራት ምሰሶ ላይ ቁጭ ብሎ ምሳውን እየበላ ነው።

ከሚሴ ላይ ጭልፊትን የማይከስ ሰው አላገኘሁም። ከአዲስ አበባ ደሴ የሚሄደው መንገደኛ አውቶቡሱ ቆሞለት ሁለት ጉርሻ ሳይጎርስ ይከሳል። ባለ ልኳንዳው ይከሳል፣ ባለ ባጃጁ ይከሳል፣ ሳምቡሳ የምትሸጠዋ ትከሳለች። ለነፍሰ ገዳይ እንኳ መንግሥት ጠበቃ ያቆማል፤ ለዚህ ምስኪን ማን ይቁምለት? እኔ ቆሜያለሁ። ስለ ክፍያው ተስማምተናል፤ ሥጋው ለእሱ፣ አጥንቱ ለእኔ።

መጀመሪያ ደንበኛዬን ላስተዋውቅ። ላባው ቡናማ፣ ምንቃሩ ቢጫ ነው። ጅራቱ ጫፉ ላይ ለሁለት ይከፈላል፤ በሰው መሐል ሲሽሎከለክ የሚታጠፈው በእሱ ነው። ክንፉ ሲዘረጋ አንድ ሜትር ተኩል ይደርሳል፤ ሚዛን ላይ ሲወጣ ግን አንድ ኪሎ አይሞላም። በአማርኛ ብትሰድበው ጭልፊት፣ በኦሮምኛ ብትሰድበው ጩሉሌ ነው፤ ሥጋህን ግን በሁለቱም ቋንቋ ይወስዳል። ዞኑ ኦሮሚያ፣ ክልሉ አማራ፣ ጎረቤቱ አፋር ነው፤ እሱ ከሦስቱም ይበላል፤ የወሰን ጥያቄ አንስቶ አያውቅም።

ክሱ ይሰማ።

«ሌባ ነው!»

መጀመሪያ የጮኸው ባለ ልኳንዳው ነው። በሬውን አርዶ ሽንጡን በር ላይ ይሰቅላል፤ ደንበኛዬ ደግሞ ፊት ለፊት ባሕር ዛፍ ላይ ሆኖ ዋጋ ያጠናል።

«ትናንት ግማሽ ኪሎ ጎድን ወሰደብኝ!»

«ግማሽ ኪሎ በማን ሚዛን?»

«በኔ ሚዛን ነዋ!»

«እንግዲያው ሩብ ኪሎ ነው።»

ሰዉ ሳቀ፤ እሱ ግን ቢላዋውን አልጣለም። «እኔ ቢያንስ ግብር እከፍላለሁ፤ የሱን ደረሰኝ አሳየኝ!»

«ያንተንስ ማን አይቶት ያውቃል? እሱ ግብሩን በዓይነት ይከፍላል። ከበሬው ላይ የማትሸጠው ምን ምን ነው?»

«አንጀት አለ፣ ፈርስ አለ፣ ቅንጥብጣቢ አለ።»

«የት ትጥለዋለህ?»

«ከኋላ።»

«ማን ያነሳዋል?»

ዝም አለ። ከኋላ የሚጣለውን የሚያነሱት አራት ናቸው፤ ማታ ጅብ፣ ሌሊት ውሻ፣ ቀን አሞራና ጭልፊት። አንዳቸውም ደሞዝ አይጠይቁም። ደንበኛዬ ደግሞ ምግብ አይመርጥም፤ አይጥ ይበላል፣ እንሽላሊት ይበላል፣ መኪና የገጨውን ይበላል፣ ክንፍ ያላት ምስጥ ስትወጣ በአየር ላይ ይለቅማል። አንበጣን በእግሩ ይዞ እየበረረ የሚበላ ነው። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. የአንበጣ መንጋ በዚህ ዞን ማሽላ ላይ ሲወርድ ሰዉ ጅራፍ እያጮኸና ቆርቆሮ እየደበደበ ነበር የሚያባርረው። ያኔ አንበጣ የሚበላ ወፍ ሁሉ ወገን ነበር። አንበጣው ሲያልፍ ወገንነቱ አብሮ አለፈ። እኛ እንደሆንን ውለታ ስንረሳ ከጭልፊት እንፈጥናለን።

«ፈሪ ነው፤ ከኋላ ነው የሚመጣው!»

ይሄ የባለ ባጃጁ ክስ ነው።

«አንተ ልጅ፣ ከኋላ መምጣትን አንተ ከከሰስክ እኛ ምን እንበል? በየት በኩል ነው የምትቀድመው?»

«በክፍተቱ።»

«እሱም በክፍተቱ ነው። ልዩነቱ ጡሩንባ አለመንፋቱ ብቻ።»

ከቅርብ ላየው ሰው አነጣጠቁ ጥበብ አለው። መጀመሪያ ከላይ ይዞራል፤ ክንፉን አያርገበግብም፤ ጅራቱን ብቻ ወዲህና ወዲያ ያዘነብላል። መንገደኛው ዳቦ ውስጥ የገባ ጥብሱን ይዞ ስልኩን ማየት ሲጀምር ከኋላው ዝቅ ይላል። በትከሻው ላይ ያልፍና እግሩን ወደ ፊት ይሰዳል። በምንቃሩ አይነክስም፤ የሚይዘው በጥፍሩ ነው። ሰውዬው ክንፉ ጆሮውን ጠፍ ሲያደርገው ዘወር ይላል፤ ዘወር ሲል ነገሩ አልቋል። ከዚያ ሽቅብ ወደ ሰማይ፣ እዚያው እየበረረ እግሩን ወደ ምንቃሩ ያቀርብና ይበላል። ሳህን አያቆሽሽም።

ጣት ላይ ጭረት የሚቀረው ብዙ ጊዜ ሰውዬው አለቅም ብሎ ሲታገል ነው። ጭረቱን ግን አትናቁት፤ ያ ጥፍር ቀድሞ ምን እንደነካ እሱና ጥንቡ ብቻ ናቸው የሚያውቁት። በሳሙናና በውኃ ታጠቡ፣ ጤና ጣቢያም ታዩ። ጠበቃው ነኝ እንጂ ሐኪሙ አይደለሁም።

ፈሪነቱን በተመለከተ፦ በ2019 በፈረንጆቹ አቆጣጠር እንግሊዝ ውስጥ በባሕር ዳር ምግብ በሚነጥቁ ወፎች ላይ ጥናት ተደርጎ ነበር። ሰው ፊት ለፊት ሲያያቸው ወደ ምግቡ ለመጠጋት ብዙ ጊዜ ፈጀባቸው፤ ፊቱን ሲያዞር ግን ፈጠኑ። ወፎቹ የጭልፊት ወገን ባይሆኑም በሙያ ዘመድ ናቸው። ስለዚህ ፊት ለፊት እያየህ ብላ።

«ምግቤን እንጂ ሰማይን እያየሁ ልበላ ነው?» አለ ባለ ባጃጁ።

«መንገዱን ሳታይ ትነዳ የለ? ምግቡንም ሳታይ ብላ።»

«አታላይ አይደለም፤ ሞኝ ነው!»

ሳምቡሳ የምትሸጠዋ እህታችን ክሷ ከሌላው ሁሉ ይለያል። «የኔ ሳምቡሳ ውስጡ ምስር ነው። ሥጋ መስሎት ከሰዉ እጅ ይወስድና መሐል መንገድ ላይ ይጥለዋል። ለራሱ አልበላ፣ ለሰው አላበላ።»

«እህቴ፣ ደንበኛዬ የሚኖረው በዓይኑ ነው። ምስሩን ሥጋ ያስመሰልሽው አንቺ ነሽ። እሱ ተታሎ ነው እንጂ አታሎ አይደለም።»

«ጎሽ!» አለች እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ። «እሱ አንድ ሳምቡሳ ወስዶ ይሄዳል። አንተ አራት በልተህ ‹ነገ› ብለህ ትሄዳለህ። እስቲ ለተሰበሰበው ሰው ንገር፤ ነጣቂው ማነው?»

ጠበቃ ዝም የሚልበት ሰዓት አለ።

«እሱስ ሲጥለው ቢያንስ ውሻ ይበላዋል» አለች ጨምራ። «ያንተ ዱቤ ለማን ይሆናል?»

ወደሚቀጥለው ክስ እንለፍ።

«ሰው ይጠላል፤ ያጠቃል!»

ይሄን ያሉት አንድ መምህር ናቸው። ከትምህርት ቤቱ ግቢ ዛፍ ላይ ጎጆ ሠርቶ፣ ተማሪው ከሥሩ ባለፈ ቁጥር ከላይ ወርዶ ጭንቅላቱን እያከከ ይመለሳል አሉ።

«የኔታ፣ ይሄ ስርቆት አይደለም፤ ይሄ የቤት ጥበቃ ነው። በእጅዎ ሥጋ ነበረ?»

«ጠመኔ ነው የነበረው።»

«ጎጆው ውስጥስ?»

«ጫጩት ሳይኖር አይቀርም።»

«ታዲያ ማን ማንን ፈራ?»

ሁለቱን ነገር እንለይ። ለምግብ የሚመጣው አንተን አያይህም፤ የሚያየው እጅህን ነው። ለጫጩቱ የሚመጣው ግን ቀጥታ ወደ ራስህ ነው የሚመጣው፤ ከዛፉ ስትርቅ ይተውሃል። ጫጩቶቹ እስኪበሩ ያለው ጊዜ ጥቂት ሳምንታት ነው። መንገዱን በሌላ በኩል ማድረግ ልጆቹን አይጎዳም፤ ለሥነ ሕይወት ትምህርትም ከጥቁር ሰሌዳው ይበልጣል።

ጎጆውን ደግሞ ቀና ብለው ይዩት። ጭራሮ ነው፤ መሐሉ ግን ጨርቅ፣ ወረቀት፣ ፌስታል ነው። ቆሻሻ ስለሚወድ እንዳይመስልዎት። ስፔን ውስጥ ዶኛና በሚባል ቦታ የጭልፊት ጎጆዎችን ያጠኑ ተመራማሪዎች በ2011 በፈረንጆቹ አቆጣጠር ያወጡት ውጤት አለ፦ ጉልበት ያላቸው ጥንዶች ነጭ ፌስታል በብዛት ያነጥፋሉ፣ ደካሞቹ ግን ያንሳሉ። ፌስታል የበዛበትን ጎጆ ሌላው ጭልፊት አይዳፈረውም። ተመራማሪዎቹ ለደካሞቹ ፌስታል ቢጨምሩላቸው፣ አንሥተው ጣሉት። አቅማቸው የማይፈቅደውን ማዕረግ አልቀበልም አሉ።

«ይሄን ባሕርይ እኛ አገር...» ብለው መምህሩ ጀመሩ።

«የኔታ፣ ደሞዝዎን ያስቡ» አልኳቸው። ተዉት።

«የሰደቃ ፍጡር ነው፤ ለምን ትጨቃጨቃላችሁ?»

ከሰዉ መሐል ያሉት ሐጂ እስካሁን ዱላቸውን አገጫቸው ሥር አድርገው ሲሰሙ ነበር። «ልጄ፣ እኔ በአረፋ ዕለት በጉን ከገፈፍን በኋላ ትርፍራፊውን ወደ ላይ እወረውርለታለሁ። መሬት ሳይነካ ይቀልበዋል። የአላህ ፍጡር ነው፤ ይብላ።»

ክርክሩ እዚህ ላይ ተቸገረ። ሐጂን «አንቱ» ብሎ መገሠጽ ከጭልፊት ሥጋ መልሶ መቀማት ነው። ግን ጠበቃ ነኝና ልናገር።

«ሐጂ፣ እርስዎ የሚያደርጉትን ሕንድ አገር ዴልሂም ያደርጉታል። በድሮው ከተማ ያሉ ሙስሊሞች ለሰደቃ ብለው ሥጋ ወደ ሰማይ ይወረውራሉ፤ በሺህ የሚቆጠር ጭልፊት ይቀልባል። ተመራማሪዎች በዚያች ከተማ ጎጆዎቹን እየዞሩ አጠኑ፤ በ2018 በፈረንጆቹ አቆጣጠር ውጤቱን አሳተሙ። ሥጋ የሚወረወርበትና ቆሻሻ የሚበዛበት ሠፈር የሚኖሩት ጭልፊቶች ጎጆአቸው ሥር በሚያልፍ ሰው ላይ ከሌሎቹ ይልቅ ደፋሮች ሆነው ተገኙ።»

«ታዲያ ሰደቃ የተቀበለ ሰጪውን መታ ማለት ነው?»

«አይደለም ሐጂ። ሰው እንደማይጎዳው ስላወቀ መፍራቱን ተወ። መፍራት የተወ ደግሞ ሰጪውንና መንገደኛውን አይለይም። ነገሩ አመል ያወጣል ከመሐል ነው።»

ሐጂ ፈገግ አሉ። «እንግዲያው ሰደቃዬን ምን ላድርገው?»

«ከሰው ራቅ ባለ ሜዳ ላይ አድርገውት ይመለሱ። ሰደቃ ሲሰጡ ቀኝ እጅ የሰጠችውን ግራ እጅ አታውቅ ይባል የለ? ጭልፊቱም የማን እጅ እንደሰጠው አይወቅ።»

«ይሄ አባባል ጥሩ ነው» አሉ። «ግን አንድ ነገር ልንገርህ፤ አንተ ገና ልጅ ነህ። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦርነቱ ከሚሴ ሲደርስ ወደ ሰማይ ቀና ስንል የፈራነው ጭልፊትን አልነበረም። ሥጋህን ወስዶ ነፍስህን የሚተውልህ ጠላት ቢመጣብህ ሹክረን ነው።»

ከዚህ በላይ ለደንበኛዬ የሚሟገት ጠበቃ የለም።

«መጤ ነው፤ መታወቂያው ይታይ!»

ከዳር ሆኖ የጮኸው ወጣት ነው።

«አንዳንዱ የዚሁ አገር ነው፤ አንዳንዱ እንግዳ ነው። ከመስከረም ጀምሮ ከአውሮፓና ከእስያ ዘመዶቹ ይመጣሉ፤ ክረምታቸውን እዚህ ያሳልፉና በመጋቢት ገደማ ይመለሳሉ።»

«በምን ቪዛ?»

«በሙቅ አየር።» ብዙ አዳኝ ወፎች ውኃ ላይ መብረር አይወዱም፤ ከመሬት በሚነሳ ሙቅ አየር ነው ሽቅብ የሚወጡት። ስለዚህ ከዐረቢያ ወደ አፍሪካ ሲሻገሩ ጠባቡን ባብኤል መንደብን ይመርጣሉ። በ1980 ዓ.ም. መግቢያ፣ በፈረንጆቹ 1987 መጸው፣ ጅቡቲ ላይ ሆነው የቆጠሩ ሰዎች ወደ ሩብ ሚሊዮን የሚጠጋ አዳኝ ወፍ ሲያልፍ አይተዋል። አብዛኞቹ ከሩሲያና ከካዛክስታን ሜዳዎች የሚነሱ ንስሮችና የንስር ወገኖች ነበሩ። ከዚያ ስምጥ ሸለቆውን ይዘው ይወርዳሉ። ከባቲ ቁልቁል አፋርን የምታይበት ያ ሰማይ አውራ ጎዳናቸው ነው።

«ታዲያ እዚህ ምን ያቆማቸዋል?»

«አንተን ምን ያቆምሃል? ውኃና ምግብ አይደለም? የቦርከና ውኃ የጨፋን ረግረግ ይሠራል፤ በጋ ላይ ሌላው ሲደርቅ ጨፋ ሣር አለው። የኦሮሞው፣ የአርጎባውና የአፋሩ ከብት ሁሉ እዚያ ይወርዳል። ከብት ባለበት አይጥ፣ አንበጣ፣ የሞተ ጥጃ አለ። ሰኞ የባቲ ገበያ፣ እሑድ የሰንበቴ ገበያ አለ፤ ግመሉ፣ በሬው፣ ፍየሉ ይታረዳል። የገበያውን ቀን የማያውቀው ጭልፊት የለም።»

«ሰኞ ሰኞ ከሚሴ ላይ ስለሚቀንስ ነው እንዴ?»

«እሱን ነጋዴዎቹን ጠይቅ፤ እነሱም ባቲ ናቸው።»

«ይሄ የከሚሴ ጉድ ነው!»

ይሄን ያለው ከአዲስ አበባ የመጣ እንግዳ ነው፤ እጁ ላይ ያለው የዳቦ ቅሪት ስሜቱን ይገልጻል። «እኛ ጋ እንዲህ ያለ ነገር የለም።»

«እናንተ ጋ ቄራ ዙሪያ የሚዞረው ምንድን ነው? ሄሊኮፕተር?»

ደግሞም የከሚሴ ብቻ ቢሆን ክብር ነበር። ጃፓን ውስጥ ካማኩራ በምትባል የባሕር ዳር ከተማ «ከጭልፊት ተጠንቀቁ» የሚል ማስታወቂያ ለጎብኚ ተለጥፏል። እንግሊዞች ደግሞ ከአገራቸው ጠፍቶ የነበረውን ቀይ ጭልፊት በፈረንጆቹ ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ከውጭ አስመጥተው አራቡ፤ ዛሬ ከልጆቻቸው እጅ ሳንድዊች ሲነጥቅ «ወይኔ!» ይላሉ። ገንዘብ አውጥተው ነጣቂ ያስመጡ እነሱ ናቸው፤ እኛስ በነፃ ነው ያገኘነው።

የሁሉንም አባት ግን ከፈለግህ በዚሁ በክልላችን ሊማሊሞ ላይ ታገኘዋለህ። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1762 ዓ.ም. ከምጽዋ ተነስቶ ጎንደር ለመግባት ያን ዳገት ወጣ። አናቱ ላይ አገልጋዮቹ ደክሟቸው አረፍ አሉ፤ የፍየል ሥጋ ቀቅለው፣ ክብ ሠርተው መብላት ጀመሩ። በዚህ መሐል አንድ ግዙፍ አሞራ መጣ። አልተወረወረም፤ መሬት ለመሬት ዝግ ብሎ እየበረረ መጥቶ፣ ሰዎቹ በሠሩት ክብ ውስጥ ገብቶ ከሥጋው አጠገብ አረፈ። አገልጋዮቹ ጮኸው ጦርና ጋሻ ሊያመጡ ሮጡ። አሞራው ድስቱ ውስጥ እግሩን ሰደደ፤ ውኃው ሲፈጀው አወጣ። ዞር ሲል ገበታ ላይ አንድ እግርና አንድ ትከሻ ተቀምጧል። ሁለቱንም በሁለት እግሩ ይዞ ሄደ።

አገልጋዮቹ ይመለሳል አሉ። ብሩስ ጠመንጃውን አጉርሶ ከገበታው አጠገብ ተቀመጠ። አሞራውም ተመለሰ፤ ተተኮሰበትና ሞተ። ብሩስ ለክቶ ክንፉን ከጫፍ ጫፍ ስምንት ጫማ ከአራት ኢንች ብሎ መዘገበው፤ ሁለት ሜትር ተኩል መሆኑ ነው። ሰዉ «ንስር ወርቅ» ይለዋል ብሎም ጻፈ። ዛሬ የምናውቀው ጢማሙ አሞራ ነው፤ አጥንት ከከፍታ ላይ ለቆ ድንጋይ ላይ እየሰበረ የሚበላው፣ አሁንም ሰሜን ተራሮች ላይ ያለው።

«ታዲያ እዚህ ላይ ማን ጥፋተኛ ነው ትላለህ?» አለኝ እንግዳው።

«ሊማሊሞ በዚያ ዘመን ነጋዴ ቀረጥ የሚከፍልበት ኬላ ነበር። እንግዳው ገባ፤ አሞራው እግርና ትከሻ ቀረጠ። ሁለተኛ ሲመጣ ግን የተቆረጠለት ደረሰኝ ጥይት ሆነ።»

«ልጅ ይወስዳል!»

አሁን ክሱ ከበደ። የከሰሱት አንዲት እናት ናቸው፤ በእናት ላይ ተረብ አይሠራም፤ በእውነት ብቻ ነው የሚመለሰው።

እማማ፣ ጭልፊት ልጅዎን አይወስድም። ኪሎ የማይሞላ ወፍ ከራሱ ክብደት በላይ ይዞ አይነሳም። ልጁ እጅ ላይ ያለውን ዳቦ ግን ይወስዳል፤ ሲወስድ ፊቱን ሊቧጭር ይችላል። ስለዚህ ሕፃን ልጅ ሥጋ ይዞ ሜዳ ላይ አይቁም፤ ከጣሪያ ሥር ይብላ።

ፍርሃቱ ግን ከመሬት የተነሳ አይደለም። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ታውንግ በሚባል ቦታ በ1924 በፈረንጆቹ አቆጣጠር የአንድ ሦስት ዓመት ገደማ ሕፃን ቅሪተ አካል ተገኘ፤ ዕድሜው ከሁለት ሚሊዮን ዓመት በላይ ነው፤ የድንቅነሽ ታናሽ ዘመድ ብትሉት ያስኬዳል። በዚያው አቆጣጠር በ1995 ተመራማሪዎች የራስ ቅሉ ላይ ያለውን ምልክት አይተው፣ የገደለው ትልቅ ንስር ሳይሆን አይቀርም አሉ። ስለዚህ እማማ፣ ቀና ብለው ልጅዎን ወደ ደረትዎ ሲያስጠጉ ከእርስዎ በፊት ብዙ እናቶች እንዲሁ አድርገዋል። ያ ግን ዝንጀሮ የሚያድን የጫካ ንስር ወገን ነው፤ ይሄኛው የሳምቡሳ ነው።

ራሳቸው የተመለጡ አንድ አባት ደግሞ ከጎን ሆነው «እኛስ?» አሉ። የጥንት ግሪኮች ስለ ኤስኪለስ ስለሚባል ጸሐፌ ተውኔት አፈ ታሪክ አላቸው፤ አንድ ንስር መላጣ ራሱን ድንጋይ መስሎት ኤሊ ጥሎበት ገደለው ይላሉ። አባታችን ወዲያው ኮፍያቸውን አጠለቁ። አብሽሩ፤ አፈ ታሪክ ነው። ግን ኮፍያውን አያውልቁት።

«ይገደል!»

ወንጭፍ የያዘ ልጅ አይጠፋም።

«ማነው የሚገደለው? አንተ ወንጭፍህን አስቀምጥና ስማ። የዱር እንስሳትን የሚጠብቅ አዋጅ አለ።»

«ጭልፊቱ አዋጁን ያውቃል?»

«አያውቅም፤ ለዚህ ነው ጠበቃ የያዘው።»

ሳቁ ካበቃ በኋላ የሚያሳዝነውን ልናገር። ሥጋ የሚነጥቀው ጭልፊት በዝቶ የምናየው እኛን ስለለመደ ነው። እኛን ያልለመደው፣ ሥጋ ከእጃችን ነክቶ የማያውቀው ጆፌ አሞራ ግን እያለቀ ነው። በ2015 በፈረንጆቹ አቆጣጠር በርካታ የአፍሪካ አሞራ ዝርያዎች ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት ተርታ ገቡ። አንድ ሰው ለጅብ ወይም ለውሻ ብሎ ጥንብ ላይ መርዝ ያደርጋል፤ ጅቡ ይበላል፣ ይሞታል፤ አሞራው በመንጋ ይመጣል፣ በመንጋ ይሞታል። ከመርዝ ያመለጠው አፋር በረሃ ላይ የኤሌክትሪክ ምሰሶ ላይ ያርፍና ሽቦው ይገድለዋል። ሕንድ አገር አሞራ ሲያልቅ ጥንቡ ለውሻ ተረፈ፤ ውሻ በዛ፤ የእብድ ውሻ በሽታ ሥጋት አብሮ በዛ። አሞራ መንገድ ዳር የወደቀን አህያ በአንድ ቀን አጽድቶ የሚሄድ ሠራተኛ ነው፤ ጡረታ እንኳ ሳንሰጠው መርዝ ሰጠነው።

እንግዲህ ሰዎች ሆይ፣ ነጥቆ የሚበላውን እንረግማለን፤ ለምኖም ነጥቆም የማያውቀውን ገደልን። ጭልፊቱ ከዚህ ምን ይማር? ጨዋነት አይከፍልም ብሎ ነው የሚማረው።

ፍርዱ

ዳኛ ስለሌለን ፍርዱን እኔው ልስጥ። ጥፋተኛው ሳህኑ ነው። የሰው እጅ ሳህን መሆኑን ያስተማርነው እኛ ነን፤ በየቀኑ፣ በነፃ፣ ያለ እረፍት። ከኋላ የተጣለው አንጀት የመጀመሪያ ክፍል ነው፤ ለፎቶ ብሎ የሚወረወርለት ቁራጭ ሁለተኛ ክፍል፤ ሜዳ ላይ ሥጋ ይዞ ስልክ የሚያይ መንገደኛ ደግሞ የመመረቂያ ፈተናው ነው። ተማሪው ጎበዝ ሆነ፤ አስተማሪው ተናደደ።

ስለዚህ ሥጋ ከጣሪያ ወይም ከጥላ ሥር ይበላ። ይዘህ የምትሄድ ከሆነ ከፍ አድርገህ አትያዝ፤ ወደ ደረትህ አስጠጋው፤ ጀርባህን ለግድግዳ ስጥ። ሽንጥ በር ላይ ሲሰቀል ሸማ ይልበስ። ትርፍራፊ በእጅ አይሰጥ፣ አይወርወር። ጎጆ ያለበት ዛፍ ሥር ለጥቂት ሳምንት አትሂድ። ፈርሱና አንጀቱ ይቀበር።

«አንድ ጥያቄ» አለ ባለ ልኳንዳው። «እሺ፣ ጉድጓድ ቆፍሬ እቀብራለሁ። ሥጋውንም እሸፍናለሁ። ጭልፊቱ ከዚያ በኋላ ምን ሊበላ ነው?»

«አይጥ።»

ደረቱን ነፋ። ሰዉ ሁሉ እንዲሰማ ድምፁን ከፍ አደረገ።

«እኔ ልኳንዳ ቤት አንድም አይጥ የለም!»

«ይኸው!» አልኩት። «ምስክርነትህ ተመዝግቧል።»